ቀድሞ የተኮሰው ኦርጋን

አባቴ ሰው ሲገድል ያየሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የገደለው በጣቱ ነው። የኦርጋኑ ቁልፎች በቀኝ በኩል ሲያልቁ ያለችውን የመጨረሻዋን ነጭ ቁልፍ በጠቋሚ ጣቱ ተጫናት፤ በሰርጉ ዳስ መሀል ዱላውን ሽቅብ ይዞ ሲፎክር የነበረው ወልደ ሰንበት በጀርባው ተዘረረ። ሰውየው ወድቆም አባየ አልማረውም። ደጋግሞ ተኮሰበት። እኔ ከኦርጋኑ ማቆሚያ ሥር፣ ከአባየ ጉልበት አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

በዓይኔ ያየሁትን ይዤ አደግሁ። ስለዚህ ነገሩን ያኔ እንዳየሁት እናገራለሁ፤ ስሞቹን ግን ለውጫለሁ።

የአባየ የሙዚቃ ባንድ «አዲስ ማዕበል» ይባል ነበር። ስሙን ያወጣው ዘፋኙ ገዳሙ ነው። ቅኔ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ስለነበር ስም ማውጣት ይወዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጠህ ማዕበል የት አየህ ሲሉት፣ «የጨሞጋን ወንዝ በነሐሴ ሂዱና እዩት» ብሎ ይቆጣል። እሱና አባየ ውበቱ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ፣ ከበሮው ተቀደደ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደወሰደው እስካሁን እርስ በርሳቸው ይጠረጣጠራሉ። ከዚያ አባየ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ የጃፓን ኦርጋን ተሸክሞ መጣ። ከበሮውንም ጭብጨባውንም ራሱ የሚመታ ጉደኛ ዕቃ ነው። የእኛን እስክስታ በዚያ የማሽን ከበሮ ላይ ሲጭኑት የከተማው ወጣት አበደ። ፀጉሩን አጎፈረ፣ ሱሪውን አጠበበ። ካሴታቸው ደጀን በሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ዘፈኑ ሳይሆን ተኩሱ ነው። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ቀረርቶ ሲሰማ ወንድ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። አንድ ዓመት የተተኮሰ ጥይት ዳስ በስቶ የሙሽራ እህት ትከሻ ውስጥ ገባና ልጅቱ ሞተች። ሽማግሌዎች ተቆጡ፤ ከእንግዲህ ጠመንጃ ሁሉ ዳሱ በር ላይ ይሰብሰብ ተባለ። ያን ጊዜ ወንዶቹ ሰርግ ሲመጡ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ይጨንቃቸው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አባየ ኦርጋኑ ውስጥ የጥይት ድምፅ አገኘ። ገዳሙ ሲያቀራራ አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ ፎከረ፣ «ዘራፍ!» ሲል አባየ ቁልፏን ተጫነ። ጧ! ዳሱ ተነሣ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ወንድ ኦርጋኑ ፊት ቆሞ ይፎክርና «ተኩስልኝ፣ አያ ውበቱ!» ይል ነበር። ያለ እነሱ ባንድ ሰርግ የሚደግስ ጠፋ።

አጎቴ ሙላት የእናቴ የዘሪቱ ታናሽ ወንድም ነው። አምበር አካባቢ ያርሳል፤ ሚሊሻም ነበር። ጎረቤቱ ወልደ ሰንበት የድንበር ድንጋይ ገፍቷል ብሎ ሲካሰስ ከረመ። አንድ ቅዳሜ ከእማየ ጋር አምበር ገበያ ሄደን ወልደ ሰንበት ሙላትን በሽመል ሲመታው ደረስን። መጀመሪያ ጉልበቱን ሰበረው፤ ሲንበረከክ አፉ ላይ አሳረፈበት። ከዚያ በጫማው ማጅራቱን ረግጦ፣ ጨው የሚሸጡትን ሴቶች «ይኼ ነው ወንዳችሁ?» ይላቸው ጀመር። ሙላት ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። የሚስቅ መሰለኝ። እማየ ነጠላዋን ዓይኔ ላይ ጣለችና እየጎተተች ወሰደችኝ።

ከንፈሩ ሲጠግግ ሙላት ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት መጣ። አባየ ልምምድ ላይ ነበር።

«እስቲ ተኩስ» አለው ሙላት።

ጧ አደረገለት።

«ከውጭ ላለ ሰው ከእውነተኛው ይለያል?»

«ማን ይለየዋል? በማጉያው ሲወጣ እኔም እደነግጣለሁ።»

«ሁልጊዜ ዘራፍ ሲል ነው የምትተኩሰው?»

«ሁልጊዜ ዘራፍ ላይ ነው» አለ አባየ፣ ሥራውን የጠየቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ከዚያ ካለፈ ጣዕም የለውም።»

ሙላት ራሱን ነቀነቀ። አፉ ውስጥ «ዘራፍ... ጧ። ዘራፍ... ጧ» እያለ ሲለማመድ ሰማሁት። ባንዱ ውስጥ ሊገባ ነው ብየ እንዴት እንደተደሰትሁ! ከጓደኞቼ የአንዷም አጎት ዘፋኝ አልነበረም።

ሰርጉ ጥር ላይ አምበር አጠገብ ነበር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና። ፀሐይ ዳሱ ላይ የተጣለውን የባሕር ዛፍ ቅጠል አጠውልጋ ሽታው አፍንጫ ይዘጋል። ጄኔሬተሩ ከዳሱ ጀርባ ይንጫጫል። ሙላት በሚሊሻነቱ የበሩ ጠባቂ ተደርጎ የገባውን ሰው ጠመንጃ ሁሉ እየተቀበለ ይደረድራል። የራሱ ምንሽር ብቻ ትከሻው ላይ ነበር። እንደ ባለ ሥልጣን ቆሞ ሳየው ኮራሁበት።

ወልደ ሰንበት ከሚስቱ ከወለተ ሐዋርያት ጋር ገባ። ወንድ ልጃቸውን አዝላለች፣ ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነው። ሰዎቹ በልተው ጠጥተው ገዳሙ ማቅራራት ሲጀምር ወልደ ሰንበት ዱላውን ይዞ ተነሣ። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ኦርጋኑን ሁሉ ዋጠው።

«የአምበር ነበልባል፣ የጫካው ጎረምሳ፣
ተኝቷል ሲሉት በዱላው የሚነሣ!
ዘራፍ!»

ጧ አለ። ወልደ ሰንበት ወደቀ። የአባየ ጣት ቁልፏ ላይ ነበረች። ጧ! ጧ! ጧ! ሰውየው መሬት ላይ እየተንፈራገጠ፣ ከደረቱ ደም እየገነፈለ፣ ከአፉም እየወጣ፣ አባየ አላቆመም። ፊቱን ቀና ብየ አየሁት። ወደ ሟቹ እንኳ አያይም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፤ ላቡ ኦርጋኑ ላይ ይንጠባጠባል።

ዛሬ ነርስ ነኝ። በጥይት የተመታ ሰው በየሳምንቱ እቀበላለሁ፤ ደረቱን የተመታ ሰው በጀርባው እንደማይዘረር፣ ባለበት ታጥፎ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ወልደ ሰንበትም ታጥፎ ነው የወደቀው። በጀርባው ያዞሩት ሊያነሡት የሮጡት ሰዎች ናቸው። አንዱን ካረምሁ በኋላ ሌላውንም መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ሰው ስለ አባቱ ያየውን ቶሎ አያርምም።

ወለተ ሐዋርያት መጀመሪያ ወደ በሩ ዞረች። ልታመልጥ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኛ ዞረችና እጇን ዘረጋች።

«ሳጥኑ ነው!» ብላ ጮኸች። «ሳጥኑ ነው ቀድሞ የተኮሰው! ሳጥኑ አስደንግጦ አስገደለብኝ!»

የሟቹ ወንድሞች ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር። ጣቷን ተከትለው መጡብን። ገዳሙን በበርጩማ ግንባሩን ተረተሩት። ድምፅ ማጉያውን ረገጡት፣ የአንዱ እግር ውስጡ ገብቶ ቀረ፤ እሱም በንዴት የሚያገኘውን ሁሉ በዱላ ይለው ጀመር። ሙሽራዋ ከጠረጴዛ ሥር ገብታ ታለቅሳለች። አባየ ኦርጋኑን በአንድ ብብቱ፣ እኔን በሌላው ይዞ በዳሱ ጀርባ ቅጠሉን ቀዶ ወጣ። ትከሻው ላይ የወረደውን ዱላ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው።

ሙላት ከበሩ ምንሽሩን እንደያዘ ሸሽቶ ወደ ዓባይ ቆላ ወረደ። ኋላ እጁን ሲሰጥ ያለው፣ «ዳሱ ውስጥ ሲተኮስ ሰማሁ፣ ደንግጬ ተኮስሁ» ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ነገሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ ማን ነው ቀድሞ የተኮሰው? ሙላት ቀድሞ ከሆነ አድብቶ የገደለ ነው፣ ደም በደም ነው። ኦርጋኑ ቀድሞ ከሆነ ግን ድንጋጤ ነው፣ ካሳ ተከፍሎ በእርቅ ያልቃል። መምሬ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ለአባየ ዘረጉለት።

«አቶ ውበቱ፣ ይህን መስቀል ይዘህ ተናገር። ማን ቀደመ?»

አባየ በተሰበረ ትከሻው እጁን በግድ አነሣና መስቀሉን ያዘ። «እኔ ቀደምሁ» አለ።

ይኼው፣ አመነ ብየ አሰብሁ። ገደልሁ አለ።

እርቁ ከወረደ በኋላ አንድ ጠዋት የሟቹ ወንድሞች ቤታችን መጡ። ለአባየ እንደሚመጡ የነገረው ሰው ሳይኖር አልቀረም፤ እማየን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ብሎ ልኳት ነበር። እኔን ግን ረስቶኛል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርሁ።

«ካሳውን ተቀብለናል» አለ ታላቁ። መጥረቢያ ይዟል። «ሆዳችን ግን አልበረደም። የትኛው ጣት ነው?»

አባየ የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን አሳየ።

«አብራው። ተኩስ እስቲ እንየው።»

አባየ ኦርጋኑን ሰካና ቁልፏን ተጫነ። ጧ ሲል ያ ሁሉ ወንድ ወደ ግድግዳው ተጣበቀ። ታላቁ መደንገጡ አናደደው። የአባየን እጅ ቁልፏ ላይ አስተኝቶ በመጥረቢያው ጀርባ መታው። የመጀመሪያው ጣቱን ነው። ሁለተኛው የእጁን መዳፍ። ከዚያ በስለቱ በኩል ኦርጋኑን ይተለትለው ጀመር፤ ነጫጮቹ ቁልፎች እንደ ጥርስ ቤቱ ውስጥ ተበተኑ። ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ይዞ ሲያላዝን ቆየ፤ ገመዱን ሲነቅሉት ዝም አለ። አባየ ሲጮህ አልሰማሁም። እጁን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ደሙ ሸሚዙን እያራሰው፣

«እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው።

ታላቁ ትንሽ አየውና ወጣ። ጣቱን የሰበረውን ሰው ያመሰግናል! አባየ አብዷል ብየ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ስፈራ ኖርሁ። የተጣመመችው ጣት ዳቦ ስትሰጠኝ ዳቦውን አልበላም ነበር።

ባንዱ በዚያው ሞተ። ገዳሙ ደጀን ወርዶ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ብርቱካን ይሸጥ ጀመር። አባየ በግራ እጁ ሬዲዮ መጠገን ተማረ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፣ አንድ ቀን እንኳ ሲቆርብ አላየሁም። ነፍሰ ገዳይ ስለሆነ ነው ብየ ነበር የምገምተው። ሙላት ጥቂት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ በየመስቀሉ ማር ይዞ ይመጣል። አባየ ማሩን አይቀምሰውም፤ ሙላት ተነሥቶ እስኪሄድ ጓሮ ይውላል። ማሩን እኔ እበላው ነበር።

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ከባሕር ዳር አብይ የሚባል ልጅ መጣ። የድሮ ባንዶችን ካሴት እየሰበሰበ እንደገና ያሳትማል። ገዳሙን ከብርቱካኑ መሀል አግኝቶት «አዲስ ማዕበል»ን ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ውስጥ ዳግም መድረክ ላይ ሊያወጣ አሰናድቷል። እኔን የፈለገኝ አባየን እንዳግባባለት ነው። የሥራ ቦታየ ሻይ ቤት ተቀመጥንና ማዳመጫውን ጆሮየ ላይ አደረገልኝ።

«የመክፈቻው ይሄ ነው» አለ። «አንድ ሰርግ ላይ በቴፕ የተቀዳ። ከሙሽራው ቤት ነው ያገኘሁት። እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

ወፍራሙን ድምፅ ወዲያው አወቅሁት። ዘራፍ! ከዚያ ጧ፣ ደረቅ፣ ጆሮ የሚበሳ፣ ዳሱን ዞሮ የሚመለስ ድምፅ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ «አባየ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ፣ የማሽን።

«የመጀመሪያው የተለየ ነው አይደል?» አለ አብይ እየሳቀ። «በምን አመጡት?»

ማዳመጫውን አወለቅሁ። የጮኸችው ልጅ እኔ ነኝ። መጮሄን አላስታውስም። ግን ጩኸቴ ከመጀመሪያው ተኩስና ከኦርጋኑ ተኩሶች መሀል ተቀምጧል፤ አባየ ጣቱን ከማውረዱ በፊት ሰው ወድቆ ነበር፤ እኔም አይቻለሁ።

እየሮጥሁ ቤት ገባሁ። አባየ አንድ ሬዲዮ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል።

«አባየ፣ ካሴቱን ሰማሁት። አንተ ኋላ ነህ።»

ቀና አላለም። «ወልደ ሰንበት ሌላ የግጥም ቤት ሊጨምር ትንፋሽ ሲስብ አየሁት፤ ስለዚህ ጠበቅሁት። ሙላት ግን በለመደው ዘራፍ ላይ ተኮሰ። በእኔ ድምፅ ሊሸፈን ነበር ያሰበው። ዘወር ስል ጠመንጃውን ገና አላወረደም። ጣቴ ራሷ ሄደች።»

«ነፍሰ ገዳይ ነው እኮ!»

«ነው። አሁንም ነው። ግን ወልደ ሰንበት ወንድሞች አሉት፤ ሙላትም አሉት። እነሱም ልጆች አሏቸው። እናትሽ ማንን ቀብራ ማንን ልታለቅስ ነበር?»

«መስቀል ይዘህ ማልህ!»

«ማልሁ» አለ። «ለዚህም ነው ከቅጥሩ ውጭ የምቆመው። ውሸታም ሆኖ ሥጋ ወደሙ ፊት አይቀረብም።»

ተናደድሁ። በሙላት ተናደድሁ፣ በበላሁት ማር ተናደድሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአባየ፤ ያን ሁሉ ዓመት እጁን ስፈራ እያየኝ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሳህን አንሥቼ ግድግዳ ላይ ወረወርሁት። አባየ ስብርባሪውን በግራ እጁ መልቀም ጀመረ።

የካሴቱ ወሬ አምበር ደረሰ። ዝግጅቱ ሳምንት ሲቀረው ወለተ ሐዋርያት ቤታችን መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ተቀመጪ ብንላትም እንደቆመች ቀረች።

«አያ ውበቱ፣ የባሌ ድምፅ አለበት አሉ።»

«አለ፣ እቴ።»

«ገብረ ሚካኤል ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። አባቱን በፎቶ እንኳ አያውቀውም። ድምፁን ሊሰማ ነው ብሎ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ድምፅ በኋላ ያለውን ነው እኔ የፈራሁት።» ነጠላዋን ሰበሰበችና፣ «ያን ቀን ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ጭሱን አይቻለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን እኛን ጠቆምሽ?» ጮህሁባት። የአባየን እጅ አንሥቼ ፊቷ ላይ ያዝሁት። «ይሄን እዪው!»

«አይቸዋለሁ» አለች። «በሩን ብጠቁም ያን ቀን ከዳሱ ስንት ሬሳ ይወጣ ነበር? ጠመንጃው ሁሉ እኮ በሩ ላይ ተደርድሯል። ጀርባየ ላይ ወንድ ልጅ አዝያለሁ። ወንድ ልጅ ሲያድግ ደም መላሽ ነው።» ከዚያ ወደ አባየ ዞራ ጎንበስ አለች። «ወንድሞቹንም ወደዚህ ያዞርኋቸው እኔ ነኝ። ንዴታቸው የሚያርፍበት ቢያጣ ወደ ሙላት ይሄድ ነበር። እጅዎን አሳልፌ ሰጠኋቸው። ይቅር ይበሉኝ።»

አባየ ሲያለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አንድ ውሸት ለሁለት ተሸክመው፣ አንዱ ሌላው ማወቁን ሳያውቅ ኖረዋል።

በማግሥቱ አባየ አብይ ዘንድ ሄደ፤ እኔም አብሬ ሄድሁ።

«ካሴቱ አንድ ነገር ይጎድለዋል» አለው። «መጀመሪያ ላይ የእኔ ተኩስ ነበር፣ ቴፑ ሳይዘው ቀርቷል። መልሰን እናስገባው።»

አብይ ከኋለኞቹ ሦስት ተኩሶች አንዱን በኮምፒውተር ቀድቶ በራሱ ኦርጋን ቁልፍ ላይ አደረገለት። «በግራ እጅዎ ይምቱት፣ ጋሼ» አለ።

«በዚህ ነው» አለ አባየ። የማትታጠፈዋን ጣት በሌላው እጁ ደግፎ ቁልፏ ላይ አስቀመጣት። ወልደ ሰንበት በማጉያው ፎከረ። አባየ ትንፋሹን ያዘ። ዘራፍ እንዳለ፣ እውነተኛው ጥይት ሳይደርስ፣ በክንዱ ሙሉ ተጫነ። ጧ! አልተስተካከለም ብሎ እንደገና አስጀመረ። ፊቱ በላብ ራሰ። ሲስተካከል ወደ እኔ ሳያይ፣ «የዚያችን ልጅ ድምፅም አውጣልኝ» አለው አብይን። ድምፄ ተቆርጦ ወጣ።

አባየ ዋናውን ካሴት ከአብይ ተቀብሎ ለኔ ሰጠኝ። የዝግጅቱ ቀን ጠዋት ከሰል ላይ ጣልሁት። ተጣጥፎ፣ ተንጣጥቶ፣ ጠቁሮ አለቀ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ገዳሙ ግንባሩ ላይ የበርጩማው ጠባሳ እያበራ ዘፈነ፤ ድምፁ ቢሻክርም ወጣቱ እግሩ ሥር ጨፈረ። አባየ በግራ እጁ ተጫወተ። መሀል ላይ መብራቱ ቀነሰና የወልደ ሰንበት ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሙላት ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወጣ። ዛሬ እሱም የለም፤ ዐምና በአልጋው ላይ፣ በጉበት በሽታ፣ ቄስ ራስጌው ቆሞ ሞተ። እሱ በሕይወት ሳለ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዘራፍ አለ። የአባየ ተኩስ ቀደመ፣ ሌላው ተከተለው።

ገብረ ሚካኤል ከፊት ረድፍ ተነሣ። ትከሻው የአባቱ ነው፣ ቁመቱም። ወደ መድረኩ ወጣ። ወገቡን ነበር የማየው፣ ምን ይዞ እንደሆነ። አባየ ከኦርጋኑ ሳይነሣ ጠበቀው። ልጁ ተንበረከከና የተጣመመችውን ጣት በሁለት እጁ ይዞ ሳማት።

«አባቴን አውቀው አልገደሉትም» አለ። እንባው የአባየ እጅ ላይ ይወርዳል። «እስከዛሬ አላምንም ነበር። ዛሬ በጆሮየ ሰማሁ። ይቅር ብየዎታለሁ።»

አባየ ጎንበስ ብሎ የልጁን ራስ ሳመ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለው።